የሥራ አስኪያጁ ልብ በብስክሌት ሲለካ

የሠራተኛን ብቃት በሥራው መመዘን ኋላ ቀር አሠራር መሆኑን ያ መሥሪያ ቤት ከማንም ቀድሞ ደረሰበት። ስለዚህም ሥራ አስኪያጁ በፈረሙት መመሪያ መሠረት፣ ሠራተኛ ሁሉ በስብሰባ አዳራሹ መሃል በተተከለች፣ ቢነዷት የትም በማትሄድ ብስክሌት ላይ ስድስት ደቂቃ ፔዳል እንዲረግጥ ተወሰነ። እስኪዝሉ መርገጥ አያስፈልግም። የመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ ሲስተር የልብ ምት ትቆጥራለች፤ ምቱ ዝቅ ካለ አቅሙ ከፍ ያለ ነው፤ ቀሪውን ከብስክሌቷ ጋር የመጣው ሠንጠረዥ ይገምታል። ግምቱ ከመስመር በታች የሆነበት «ለጤናው ሲባል» ያለ ዕድሜው ጡረታ ይወጣል። የመሥሪያ ቤቱ ርኅራኄ እስከዚህ ድረስ ነበር።

እትዬ መሰላል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፋይል ታቅፈው አራት ፎቅ ሲወጡና ሲወርዱ ስለኖሩ ነው፤ ሊፍቱ ለኃላፊዎች ብቻ ነዋ። ከሥራቸው ሌላ የሚያውቁት የለም፤ ቤት መዋልን እንደ ሞት ይፈሩታል። በዚህ የተነሳ ብስክሌቷ ላይ ሲቀመጡ፣ ፔዳሉን ሳይነኩት ልባቸው ድው ድው ይል ጀመር።

«ይረጋጉ እንጂ እትዬ፤ ቀላል ፈተና እኮ ነው» አለች ሲስተሯ።

«ለልቤ ንገሪው የኔ ልጅ፤ እኔማ ተረጋግቻለሁ» አሉ።

ሠንጠረዡ ፍርሃት የሚባል ዓምድ ስለሌለው፣ እትዬ መሰላል ፎቅ ለመውጣት አቅም የሌላቸው ሆነው ተገመቱ። ይህን የሚገልጸውን ደብዳቤ ከአራተኛ ፎቅ ወርደው ተቀበሉና ፋይላቸው ውስጥ ለማስገባት ተመልሰው ወጡ።

ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ተፈተኑ። ከመኪናቸው እስከ ሊፍቱ ሁለት ጊዜ የሚያርፉት ሰው ፔዳሉን እያቃሰቱ ሲረግጡ ላባቸው በክራባታቸው ወረደ፤ ልባቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ጠዋት የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ ኪኒን ይውጣሉ። ከፈተናው በፊት በሚሞላው ቅጽ ላይ «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ለሚለው ግን «አልወስድም» ብለው ሞልተዋል፤ መሪ አይታመምማ። ውጤታቸው የሃያ ዓመት ሯጭ ሆኖ ተገኘ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እትዬም እንባቸውን እየዋጡ አጨበጨቡ።

የበላይ አካሉ እንዲህ ያለ ልብ ቢሮ ውስጥ መባከኑ አሳዘነው። በሳምንቱ፣ ሥራ አስኪያጁ መኪና የማይገባበትን የተራራ ጫፍ ቅርንጫፍ እንዲመሩ፣ ጠዋት ጠዋትም በእግራቸው እንዲወጡ የሚያዝ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰ። አንብበው ሲጨርሱ በራቸውን ዘግተው ሲስተሯን አስጠሩ።

«ስለ ኪኒኑ ብናገር ምን ይመጣል?»

«ውጤትዎ ይሰረዛል። ቅጹን በሐሰት የሞላ ደግሞ ከሥራ ይሰናበታል።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«እርስዎ ነዎት። አንቀጽ አራት ላይ።»

ሥራ አስኪያጁ የእትዬ መሰላልን ፋይል አምጡልኝ አሉ።

በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ሳይንስን ከልብ እንደሚያከብሩ፣ ሆኖም የአንዲት እናት እንባ እንቅልፍ እንደነሳቸው ለአንድ ሰዓት ያህል አብራሩ። ለእትዬ ሲባል የሁሉም ውጤት ተሰረዘ፤ በውጤት ላይ የተመሠረተ ዝውውር ካለም አብሮ ቀረ። እትዬ ለተዋለላቸው ውለታ ቆመው እንዲያመሰግኑ ተጋበዙ፤ አመሰገኑም። ጥፋተኛውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ የብስክሌቷ ኮርቻ ትንሽ ጠመም ማለቱን አረጋገጠ፤ በመመሪያውም መሠረት ያለ ዕድሜዋ ጡረታ የወጣችው ብስክሌቷ ብቻ ሆነች።