ሹፌሩ በፕላስቲኩ ከበሮ ዙፋን እንደ ጸኑ

ሶፋው አዲስ ልብስ በለበሰ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሪሞት፣ ባትሪው ደክሞ በጥፊ ካልተመታ በማይታዘዝበት ወራት፣ በዕለተ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሞዓ መጨናነቅ ዘእምነገደ መሪ ጨባጮች፣ የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ነጂ፣ የሦስተኛው ፎቅ አባወራ፣ ካልሲያቸውን አውልቀው በከበሮው ዙፋን ላይ ተቀመጡ። ይህን ታሪክ የጻፍሁት እኔ፣ ከእግራቸው በታች በሁለተኛው ፎቅ የምኖር የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፣ ጣራዬ ሲደበደብ ታግሼ ታግሼ፣ በመጨረሻ መጥረጊያዬን እንደ ጦር ይዤ ለክስ በወጣሁ ጊዜ ወንበር ስለ ሰጡኝ፣ ክሱን ትቼ ታሪክ ጸሐፊ ሆንሁ። ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም፤ የሰማሁትማ ጆሮዬን አሞኛል።

ዙፋን የተባለው የወጥ ቤቱ በርጩማ ነው። ከበሮውም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የሆኑ አራት የፕላስቲክ ሰሃን የሚመስሉ ነገሮች ያሉት፣ ከሥሩም አንድ የእግር ፔዳል የተገጠመለት፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ የተጋባ መሣሪያ ነው። ሥርዐተ ጨዋታው እንዲህ ነው፦ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ መንገድ ይዘረጋል፤ በመንገዱም ባለቀለም ጠጠሮች ወደ ተጫዋቹ ይንከባለላሉ፤ ጠጠሩ ከታችኛው መስመር ሲደርስ ቀለሙን የመሰለውን ሰሃን የመታ ይከበራል፤ ያሳለፈ ግን የቴሌቪዥኑ ሕዝብ ይጮህበታል፤ ማሳለፍ ካበዛም እሱ ብቻ ሳይሆን ጭፍራው ሁሉ ከመድረክ ይባረራል።

ጭፍሮቹም እነዚህ ነበሩ። በቀኝ ታላቂቱ ልጃቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ እመቤተ ጊታር፣ ወላጆቿን ጨዋታ ስታስተምር ፈተና የምትፈትን የምትመስል፤ በግራ ታናሺቱ ልጃቸው ሚጢ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና ያልበቀለ፣ የፕላስቲክ ጊታሯ ከቁመቷ ሊበልጥ ጥቂት የቀረው፤ በመካከል ባለቤታቸው የፋርማሲ ባለሙያዋ፣ እቴጌ ማይክሮፎን፣ ግጥሙን ባያውቁትም ዜማውን በ“ላላላ” የሚያስገብሩ። በሶፋው ጥግ ደግሞ የባለቤታቸው ወንድም ነበሩ፤ ቅጽል ስማቸው “ለኔ ተዉት” ነው፤ የቤቱን ካውያ ለኔ ተዉት ብለው ከጠገኑት ወዲህ ካውያው ሞቆ አያውቅም።

ወእምዝ ዘፈኑ ተነሣ። ጌታችን ግን ዕድሜያቸውን በመንገድ ላይ ያሳለፉ ናቸውና፣ መንገዱ በመስኮቱ ተዘርግቶ ባዩ ጊዜ ከበሮ መቺነታቸው ሸሽቶ ሹፌርነታቸው መጣ። ቀይ ጠጠር ሲመጣ፣ ቀዩን ሰሃን በመምታት ፈንታ እጃቸውን ሰብስበው፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ቀጥ አሉ፤ ቢጫ ሲመጣ ቀስ አሉ፤ አረንጓዴ ሲመጣ ብቻ ልባቸው ሞልቶ ነጎዱ፤ መንገዱ ሲጠማዘዝም ከነበርጩማቸው ዘመም አሉ። ጣራዬን ሲደበድበው የዋለው እንግዲህ ይህ ፍሬን ነበር። የቴሌቪዥኑ ሕዝብ ጮኸ፤ መድረኩ ጨለመ፤ ጭፍራው ተባረረ። ዳግመኛ ዘመቱ፤ ዳግመኛም በቀይ ቆሙ። ጨዋታው ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም፤ እግራቸው ከራሳቸው ቀድሞ ስለሚታዘዝ ነው። ቀይ ጥሶ የማያውቅ እግር በእሑድም አይጥስም።

ይህን ጊዜ ለኔ ተዉት ከሶፋው ተነሥተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ “እኔ በወጣትነቴ ከበሮ ስመታ ሰፈሩ ሁሉ ነበር የሚሰበሰበው! ወንበሩን ለኔ ተዉት!” ብለው አዋጅ አስነገሩ። ታላቂቱ ልጅም፣ ይህ ዘፈን ካላለቀ የጨዋታው ቀጣይ ደረጃ፣ ትልቁ መድረክ፣ አይከፈትምና፣ “አባዬ፣ የቀረህ አንድ ዕድል ነው። አሁንም ከወደቅን ከዛሬ ጀምሮ ወንበሩ የአጎቴ ነው። በቃ!” ብላ ደነገገች። እቴጌ ማይክሮፎን ወንድማቸውንና ባላቸውን በየተራ አይተው ውሃ ጠጡ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ የበርጩማ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። እኒህ ሰው ልጆቻቸው ሳይነቁ ይወጣሉ፣ ከተኙ በኋላ ይገባሉ፤ የከተማውን ሰው ሁሉ ካሰበበት ሲያደርሱ የራሳቸው ቤት ጨዋታ ያለ እሳቸው ተጀምሮ ያለ እሳቸው ያልቃል፤ ሚጢም በሳሎኑ መስኮት ሥር ሆና ስትጠብቃቸው እንቅልፍ ይጥላትና ተሸክመው ያስተኟታል። ያላቸው እሑድ ብቻ ነው፤ በእሑድም ከጨዋታው ውስጥ ያገኙት ስፍራ ይህ በርጩማ ብቻ ነበር። ፊታቸው ሲጠቁር አይቼ ከልቤ አዘንሁላቸው፤ መጥረጊያዬንም ወንበሬ ሥር ደበቅሁ።

ያን ጊዜ ሚጢ ጊታሯን እየጎተተች ወደ ዙፋኑ ቀርባ፣ በወለቀው ጥርሷ በኩል እየተነፈሰች፣ እንዲህ ብላ አወጀች፦ “አባዬ፣ እነዚህ እኮ መብራት አይደሉም። ሰዎች ናቸው። ፌርማታ ላይ ቆመው አንተን እየጠበቁ ነው። ሁሉንም ጫናቸው፤ ማንም እንዳይቀር!”

ወሶበ ሰምዑ ዘንተ ነገረ፣ ጌታችን ወገባቸውን ቀና አደረጉ፣ በሌለ መስታወት ግራና ቀኝ አዩ፣ የከበሮውን ሁለት ዱላዎችም ጨበጡ። ዘፈኑ ሲነሣ ቀዩን፣ ቦርሳ ያዘለ ተማሪ ነው ብለው ጫኑት፤ ቢጫዋን፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች እናት ናት ብለው ጫኗት፤ ሰማያዊውን፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ናቸው ብለው ደገፍ አድርገው ጫኗቸው፤ አረንጓዴውን፣ ሥራ የረፈደበት ጎረምሳ ነው ብለው ከነሩጫው አፈሱት። ጠጠሮቹ እየተጋፉ በመጡ ጊዜም ሳይደነግጡ፣ “ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ! ለሁላችሁም ቦታ አለ!” እያሉ አዋጅ በአዋጅ ላይ አስነገሩ። እግራቸውም ፍሬን መሆኑን ረስቶ ከዘፈኑ ጋር ይረግጥ ጀመር። ለኔ ተዉት በመጀመሪያ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ ቆይተው በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ፤ በመጨረሻ ግን አልቻሉም፤ ወደ ሳሎኑ በር ሄደው፣ እንደ ረዳት በአንድ እጃቸው ተንጠልጥለው፣ በሩን በመዳፋቸው እየደበደቡ “ሳበው!” ብለው ጮኹ። በዚህም ቃል ዙፋኑን እስከ ወዲያኛው ለቀቁ።

ዘፈኑም አለቀ። የቴሌቪዥኑ ሕዝብ አበደ፤ ትልቁ መድረክ በወርቅ መብራት ተከፈተ፤ ታላቂቱ ልጅ ፈታኝነቷን ጥላ ዘለለች፤ እቴጌም በማይክሮፎኑ እልል አሉ። ጌታችን ግን ከዙፋናቸው አልተነሡም። መስኮቱ ላይ የተጻፈውን ውጤት አተኩረው ካነበቡ በኋላ፣ አንዲት ጠጠር ብቻ እንዳመለጠቻቸው አይተው፣ “አንድ ሰው ቀርቷል። ፌርማታው ላይ ጥለነው ነው የመጣነው። እንመለሳለን!” ብለው አወጁ። ወርቁ መብራት ቢያጓጓም፣ አለቃው አሽከርካሪው ናቸውና ማን ይከራከራል?

ሚጢ ጊታሯን ሶፋው ላይ አጋደመችው፤ ሄዳም በአባቷ ጉልበት ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ “የቀረሁት እኔ ነኝ። ይኸው ተሳፈርሁ” ብላ አወጀች። ጌታችን ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ ከዚያም አንዱን ዱላ ሰጧት፣ የቀዩን ሰሃን ግዛት ለሷ አደረጉት፣ በአንድ በርጩማ ላይም ሁለት ሆነው ወደ ትልቁ መድረክ ገቡ።

እኔም መጥረጊያዬን ከወንበሬ ሥር አውጥቼ፣ በእንጨቱ ወለሉን እየመታሁ አጀብኋቸው፤ የመታሁት የራሴን ጣራ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ከአልጋዬ ላይ ኖራ ስጠርግ ነው። ቅር አላለኝም።

እንግዲህ ቀይ ላልጣሱት፣ ሰው ላልጣሉት፣ ሕዝበ ቴሌቪዥንን በሁለት የፕላስቲክ ዱላ ላስጨበጨቡት፣ ለኔ ተዉትን ረዳት አድርገው ላስገበሩት ለሞዓ መጨናነቅ ክብር ይሁን! በርጩማቸው አይነቃነቅ፤ ፍሬናቸው አይክዳቸው፤ እሑዳቸው ይርዘም፤ በሳሎኑ መስኮት ሥር ለምትጠብቃቸው ልጅም እንቅልፍ ሳይጥላት ይድረሱላት።