ንስሩን የጣሉት ክቡር ቦርንማን

በዚህ አገር ያለ እያንዳንዱ የምርጫ ወረዳ የራሱ ክቡር ቦርንማን አለው። ስሙ ከወረዳ ወረዳ ይለያይ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ያው ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ይለብሳል፤ ቋሊማውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ቀኝ እጁን ለመጨባበጥ ነጻ ያደርጋታል። ሪባን በተወጠረበት ሁሉ መቀሱን ይዞ ይገኛል። እኔ በከተማችን በኤልዘንባህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ፍልስፍና አስተምሬያለሁ። ዘላለማዊነት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ሲያቅተኝ በመስኮቱ አሻግሬ የክቡርነታቸውን የምርጫ ፎቶግራፍ እያሳየሁ እገላገል ነበር። ተማሪዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

የእኛው ክቡር ጊስበርት ቦርንማን የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የፓርቲውን ወረቀት በየግድግዳው ይለጥፉ ነበር፤ በሃያ ስድስት ዓመታቸው የከተማው ምክር ቤት ገቡ፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ለፌዴራሉ ምክር ቤት ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ ማንም ከወንበሩ ሲነሡ አላየም። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ያደረጉት ንግግር ሁሉ ቢሰበሰብ ስለ ጥድ ደን፣ ስለ ወተትና ስለ ባቡር ማቋረጫ ነው። አንዱን አደባባይ ሁለት ጊዜ መርቀዋል፤ አንድ ጊዜ ከሰሜን በኩል፣ አንድ ጊዜ ከደቡብ በኩል። ሁለቱንም ጊዜ እንባ ተናንቋቸው ነበር።

ኮረብታችን ላይ የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው ሲባል፣ "እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም" ብለው ማሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መርቀው የከፈቱት እሳቸው ነበሩ። ከጎናቸው ቆሜ፣ "ጊስበርት፣ ሞተሃል ማለት ነው?" ብላቸው ቅንጣት አላፈሩም።

"እኔ መቼ ተቃወምኩ? ጊዜው ገና ነው ነው ያልኩት።"

ብዙ መጻሕፍት አገላብጫለሁ፤ ወግ አጥባቂነትን ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። ክቡርነታቸው አዲስ ነገር አይወዱም፤ ነገሩ ካረጀ በኋላ ግን እንደ እሳቸው የሚሳሳለት አይገኝም።

የሰው ስም ይጠፋባቸዋል፤ የሰው መገጣጠሚያ ግን አይጠፋባቸውም። አንድ ቀን ገበያ መሐል ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "የእናትህ ዳሌ እንዴት ሆነላት? ግራው ነበር አይደል?" አሉኝ።

"ጊስበርት፣ እናቴ ካረፈች እኮ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ተሽሏት ነበር ወይ ማለቴ ነው።"

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? በየአራት ዓመቱ ታዲያ ምርጫ ሲቃረብ አንዲት ንግግር አለቻቸው፦ "እኔ ለወንበር የምሞት ሰው አይደለሁም፤ ሰዉ ካልለቀቀኝ ግን ምን ላድርግ?" እኛም እናጨበጭባለን። ማጨብጨብ ምን ያስቸግራል?

ባለፈው ክረምት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። በእሳት አደጋ ሠራተኞች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ከመናገሪያው ሳጥን ኋላ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ልብ ነው ተባለ። ሐኪሙም ለባለቤታቸው ለኢርምጋርድ፣ "አንድ የምርጫ ዘመቻ ከጨመሩ እኔ ኃላፊነት አልወስድም" ብሎ ቁርጡን ነገራት። ሰውየው ግን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ለዘጠነኛ ጊዜ ሊወዳደሩ ተነሥተዋል።

"ኮቱን ደበቅኩበት" አለችኝ ኢርምጋርድ ቤቶቻችንን በሚያዋስነው አጥር ላይ አንገቷን አስግጋ። "ሌላ ገዝቶ መጣ።"

በዚያው ሳምንት የፓርቲው የከተማችን ሊቀ መንበር፣ የመድኃኒት ቤቱ ሎታር፣ ቤቴ መጣ። ተማሪዬ ነበር፤ ያን ጊዜም ጥያቄ ሲከብደው ጫማውን ነበር የሚያየው።

"መምህር፣ እርስዎ ይንገሩት።"

"ምኑን?"

"እንዲበቃው። ሁለት መቶ አባላት ነን፣ ሁለት መቶዎቻችንም ይብቃው ባዮች ነን። እሱን የምትተካ ወጣት ጠበቃም ተዘጋጅታለች። ግን እንዴት ተብሎ? ሁላችንንም እንደ አባት ነው ያሳደገን። የእኔን መድኃኒት ቤት ሪባን የቆረጠው እሱ ነው።"

"እኔ የፓርቲያችሁ አባል አይደለሁም፣ ሎታር።"

"ለዚህ እኮ ነው። እኛ ብንነግረው ክህደት ነው፤ እርስዎ ሲነግሩት ወዳጅነት ነው።"

"እና ልቡን ላለመስበር ብላችሁ ልቡ እስኪቆም ልትጠብቁ ነበር?"

ጫማውን አየ።

ሄድኩ። ስለ ድፍረት ለሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና በክቡርነታቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ጉልበትህስ?" አሉኝ ቀድመው። ስለ ጉልበቴ አርባ ደቂቃ ተጫወትን። የቼሪ ማርማላታ በጠርሙስ ተሸክሜ ወጣሁ። ኢርምጋርድ በሩ ላይ ጠብቃ ፊቴን አየችና ነገሩ ገባት።

የፓርቲው ዕጩ መምረጫ ስብሰባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የተኳሾች ማኅበራችን በዓል ደረሰ። በእኛ አገር ደንቡ የታወቀ ነው፦ ረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ ከእንጨት የተሠራ ንስር ይሰቀላል፤ ወንዱም ሴቱም በየተራ ይተኩሳል፤ የመጨረሻዋን ስባሪ የጣለ ለአንድ ዓመት ይነግሣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ለክብር እንግዶች ናቸው፤ ለቄሱ፣ ለከንቲባዋና ለምክር ቤት አባሉ። የክብር እንግዳ ደግሞ አይመታም። ጠመንጃውን ወደ ደመናው ከፍ አድርጎ መሳት የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ክቡርነታቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ደመና ሲተኩሱ ኖረዋል።

ዘንድሮ ንስሩን የሠራው አዲስ አናጺ ነው፤ እንጨቱን ከምሰሶው ጋር ያያዘው በአንዲት ቀጭን ብሎን ነበር። ቄሱ ሳቱ። ከንቲባዋ ሳተች። ክቡርነታቸው ቋሊማቸውን ለእኔ አስይዘው እንደ ልማዳቸው ከፍ አድርገው ተኮሱ፤ ጥይቷ ግን ያችኑ ብሎን አገኘች። ንስሩ ክንፉ ሳይሰበር፣ ራሱ ሳይነካ፣ ከነሙሉ አካሉ ነፋስ እንደወሰደው ባርኔጣ ወረደ።

አራት መቶ ሰው ባዶውን ምሰሶ አንጋጦ አየ። ከበሮ መቺው ብቻ፣ ልማድ ሆኖበት፣ አንድ ጊዜ መታ።

የማኅበሩ ኮሎኔል፣ በአዘቦት ቀን ዳቦ ጋጋሪያችን፣ ላባ ያለውን ባርኔጣውን አስተካክሎ መተዳደሪያ ደንቡን ከኪሱ አወጣ። "ንስሩን የጣለ ንጉሥ ነው" ብሎ አነበበ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቀጽ ዘጠኝ፦ ንጉሡ በነገሠበት ዓመት ለማንኛውም ምርጫ ዕጩ ሆኖ መቅረብ አይችልም።"

"ይህን ደግሞ ማን ነው የጻፈው?" አሉ ክቡርነታቸው።

ኮሎኔሉ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ስቦ ገጹን ገለጠ። "እርስዎ ነዎት፣ ክቡር ቦርንማን። ፊርማዎ አለበት። የማኅበሩ ጸሐፊ በነበሩ ጊዜ።"

"እሱ ለሥጋ ሻጩ ነበር እኮ።"

እውነታቸውን ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ግራ ዘመሙ ሥጋ ሻጭ ነግሦ ከንቲባ ልሁን እንዳይል ብለው ያረቀቋት አንቀጽ ናት።

"ንግሥናውን አልቀበልም ማለት ይችላሉ" አለ ኮሎኔሉ። "እስካሁን ያለ ሰው የለም እንጂ፣ ይቻላል።"

ክቡርነታቸው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ኢርምጋርድ ብርጭቆዋን ወደ አፏ እንደወሰደች ቀርታለች። ሎታር ጫማውን ያያል። አልቀበልም ካሉ ዘመቻው ይቀጥላል፤ ከተቀበሉ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ እዚያው ሣሩ ላይ ያበቃል። አፋቸውን ሲከፍቱ የምትመጣውን ንግግር ከፊታቸው አነበብኳት። "እኔ እንኳ... ሰዉ ካልለቀቀኝ..."

"ለቀንሃል፣ ጊስበርት" አልኩ።

የተናገርኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው። እጄ ላይ የእሳቸው ቋሊማ አለ።

ክቡርነታቸው ወደ ሎታር ዞሩ። "እውነቱን ነው?"

ሎታር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "ከለቀቅንዎት አራት ዓመት ሆኖናል። መናገር አቅቶን ነው።"

ልባቸው እዚያው የሚቆም መስሎኝ አንድ እርምጃ ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ጠመንጃውን ለኮሎኔሉ መለሱና ረጅም፣ በጣም ረጅም ትንፋሽ አወጡ። እንዲያ ሲተነፍሱ ሰምቼ አላውቅም።

"እኔ ደግሞ ይከፋችኋል ብዬ እኮ ነው" አሉ። "ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም። እንዴት ጥያቸው እሄዳለሁ እያልኩ።"

በይሉኝታ እኛ እሳቸውን አራት ዓመት ስንሸከም፣ እሳቸው እኛን ስምንት ዓመት ሲሸከሙ ኖረናል። የንግሥናውን የብር ሰንሰለት አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁላቸው ሜዳው ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ፤ ኢርምጋርድ የክት ልብሷን እንደለበሰች ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። የማርሽ ሙዚቃው እስኪያልቅም አልተነሣችም።

በመስከረም ምርጫው ደረሰ። እሑድ ጠዋት ድምፄን ሰጥቼ ስመለስ ንጉሣችን በጓሮ በኩል መጥተው አግዳሚዬ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከዕጩዎቹ መሐል ስማቸው ያልነበረበት የመጀመሪያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልብስ ማስጫው ላይ ድንቢጦች ይጨቃጨቃሉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ። "በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ መርጠኸኝ ታውቃለህ?"

"አንድም ቀን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኢርምጋርድም ትናንት እንዲሁ ነው ያለችኝ። ቤት እንድትቀርልኝ ብዬ ነው አለችኝ።" ከዚያ ሳቁ፤ እኔ ለልባቸው እስክሰጋ ድረስ ሳቁ።

እኔ ግን ግማሹን ነው የነገርኳቸው። ስምንት ጊዜ ድምፄን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ስምንቱንም ምሽት ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ተሸንፈው ይሆን እያልኩ እህል አልወርድ ብሎኝ አምሽቻለሁ። ዛሬ ሬዲዮውን የምከፍትበት ምክንያት የለኝም። ኢርምጋርድ ከአጥሩ ማዶ ምሳ ደርሷል ብላ ስትጣራ ክቡርነታቸው ብድግ አሉ፤ እኔንም ክንዴን ይዘው አስነሡኝ፤ ሦስተኛው ሳህን ቀርቦ ነበር።