ዳቦ ቤቱ ጋ የምትሞተው ሞተር

ፋርማሲ የሌለው ሰፈር ኖሬ አውቃለሁ፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈርም ኖሬአለሁ። የሞተች ሞተር ብስክሌት ገዝቶ «ተኝታ ነው እንጂ አልሞተችም» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን፣ ይኸው ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ፣ አላጋጠመኝም። ቤት ብትቀይሩ እሱም ቀድሟችሁ ይደርሳል። አንዱ ሰፈር አስተማሪ ሆኖ፣ ሌላው ሰፈር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እጁ ላይ ካቻቢቴ አለ፤ ጥፍሩ ጥቁር ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ነገ ሠርጉ የሆነ ሰው ደስታ ይነበባል።

የእኛ ሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። «ሊቀ ሞተር» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ባለማዕረግ ደግሞ በአንቱታ ስለሚጠራ፣ በዕድሜ ብበልጣቸውም ደንቡን አላፈርስም።

ሊቀ ሞተር ያችን ሞተር የገዟት በአንድ ደህና ጫማ ዋጋ ነው። ሻጩ በጋሪ አምጥቶ ከደጃቸው አወረዳትና፣ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ሳይሰናበት ሄደ። ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም። በልጅነታችን የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ደብዳቤ አዳዩ የተቀመጠባት ክብ መብራትና ወፍራም ሆድ ያላት ሞተር ነበረች፤ ቁርጥ እሷን ትመስላለች። ልዩነታቸው፣ የመጽሐፉ ሞተር ቢያንስ የምትሄድ ትመስል ነበር።

«ሞተሯ እንዴት ነች?» ካሏቸው መልሳቸው አንድ ነው። «አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት።»

ያ አንድ ነገር መጀመሪያ ካንዴላ ነበር። ካንዴላው ተቀየረ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀራት፣ ካርቡራተር። ካርቡራተሩ ተፈቶ ታጥቦ ተገጠመ፤ አሁንም አንድ ነገር ብቻ።

«ባለፈውም አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት ብለውኝ አልነበር?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እሱ ሌላ አንድ ነው» አሉኝ፣ ቅር ሳይላቸው።

ሙያቸውም ከጥገናው ጋር ተቀላቅሎባቸዋል። ካንዴላዋን በጢም ብሩሽ አረፋ ይቀቧታል፣ በአልኮል ያብሷታል፣ በፎጣ ጠቅልለው ያሳርፏታል። በዚህ የተነሣ ደንበኞቻቸው ቤንዚን ቤንዚን ሲሉ፣ ሞተሯ ሽቶ ሽቶ ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ከወንበራቸው ተቀምጫለሁ። የቀኝ ጎኔን ጨርሰው ወደ ግራ ሲዞሩ መቀሱ አየር ላይ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ፤ እኔን ግን አይደለም የሚያዩት።

«ጋሼ፣ ሽቦው ተገልብጦ ቢሆንስ?»

«የቱ ሽቦ?»

«እስቲ ይምጡ፣ ባትሪ ያብሩልኝ።»

አንገቴ ላይ ከታሰረው ነጭ ጨርቅ ጋር፣ ከነግማሽ ራሴ በረንዳው ላይ ወጥቼ ባትሪ ማብራት ጀመርኩ። ሽቦውን አዙረው ሲያስሩና ሲረግጧት ሞተሯ አንድ ሁለት ጊዜ አሳለች፤ ከዚያ ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሣች። በሕይወት ዘመኗ ስንተኛ ትንሣኤዋ እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ ሰፈር ግን የመጀመሪያው ነበር። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ሲያይ የነበረው ሞተሯን ሳይሆን የእኔን ራስ ነው። ሊቀ ሞተር ደግሞ ከደስታ ብዛት መቀሱን መያዝ አቃታቸው።

«ጆሮዎን እንዳልቆርጥ፣ ግራውን ሰኞ ይሁንልን» አሉኝ።

እሑድን በባርኔጣ አሳለፍኩ። ግማሹ ሽማግሌ፣ ግማሹ ጎረምሳ የሆነ ራስ ይዞ የሚኬድበት ቦታ የለም።

እስካሁን ያላነሣኋቸው ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ለእሳቸው ማዕረግ አልሰጠሁም፤ አንቱታው ግን ከልብ ነው። የስፌት መኪናቸው ያለችው ከኋላ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ የተፋጠጠበት ክፍል። የቀን ብርሃን የሚገባው በረንዳው ላይ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ ሞተሯ አለች። ሴትዮዋ ከአምፖል ሥር አጎንብሰው ቁልፍ ሲተክሉ ውለው፣ ማታ ዓይናቸው እያለቀሰ ይወጣሉ።

«እኔ በመብራት ዓይኔን አጠፋለሁ፣ እሷ በፀሐይ ትሞቃለች» ይላሉ።

ሞተሯ ከተነሣች ወዲህ ታንከሯ ቤንዚን ተሞላ፤ ሽታው በበረንዳው አልፎ እስከ ኋላ ክፍል ዘለቀ። አንዲት ደንበኛ የተሰፋላትን ቀሚስ አሽትታ «ማደያ ውስጥ ነው እንዴ የምትሰፊው?» አለች። ያን ቀን ከዚያ ቤት የወጣው ድምፅ ከሞተሯ በለጠ። ደግነቱ ወዲያው በማግሥቱ ሽታው ቀነሰ፣ ሴትዮዋም ዝም አሉ። ለመዱት አልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሞተሯ ተነሥታለች፣ ትሄዳለችም፤ የምትሄደው ግን እስከ ዳቦ ቤቱ ነው። ሊቀ ሞተር ከበረንዳው ያስነሧታል፤ ፋርማሲውን፣ ጫማ ሰፊውን ታልፋለች፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ አንገቷን እንደ ተያዘች ዶሮ ክር ክር ብላ ትሞታለች። ወርደው የታንከሯን ክዳን ይከፍታሉ፣ ውስጡን ያያሉ፣ «ቤንዚን አላት» ይላሉ፣ ይዘጋሉ። ሲረግጧት ትነሣለች። ወደ ቤት ያዞሯታል፤ በራቸው ላይ ስትደርስ እንደገና ትሞታለች። ነገ ቢሞክሩ ያው ነው፣ ከነገ ወዲያም ያው።

ሰፈሩ ይህን ሲያይ ሊቅ በሊቅ ሆነ። ጡረተኛው ሾፌር፣ በዘመኑ አውቶቡስ ይነዳ የነበረ ሰው ነው፣ «ዳገቱ ነው የሚጥላት» አለ። መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ዳቦ ሻጯ ደግሞ «ሰው ዓይኑን ጥሎባታል፤ ሰልፈኛው ሁሉ እሷን ነው የሚያየው» አለች። ሊቀ ሞተር ሁሉንም ሰሙ፣ ሁሉንም ሞከሩ። ካርቡራተሯን ደጋግመው ፈቱ፤ ማርሚታዋን በሽቦ ጠረጉ።

«ስማኝ ወንድሜ» አላቸው ሾፌሩ በመጨረሻ፣ «ዳቦ ቤቱን አትየው። አንተ ስታየው ነው እሷም ትዝ የሚላት።»

በነጋታው ሊቀ ሞተር ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ሞተሯ እንደ ልማዷ ሞተች፤ እሳቸው ግን ባለማየታቸው ሰልፉ መካከል ገቡ። ወረፋ የያዙ መስሏቸው ነው መሰል፣ አንድ ሁለት ሰዎች ቦታ ለቀቁላቸው።

ክረምቱ ቀርቦ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሴትዮዋ አስጠሩኝ። ባልና ሚስት በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ሞተሯ አለች።

«ጋሼ፣ ምስክር ይሁኑን» አሉኝ። «ዝናቡ ሳይገባ እኔን ከነጨርቅ ሻንጣዬ ገበያ አድርሳ ትመልሰኝ። መንገድ ላይ ካልቆመች በረንዳው ለእሷ ይሁን፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ከቆመች ግን በረንዳው የእኔ ነው፣ እሷን ቁራሌው ይውሰዳት።»

«እንዴ፣ አሁን እኮ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራት» አሉ ሊቀ ሞተር።

«እኔም አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ። ዓይኔ።»

ሊቀ ሞተር የሞተሯን ኮርቻ በእጃቸው ጠረጉ። «እሺ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ከሴትዮዋ ጋር ነበር። የሰው ዓይን ከአሮጌ ብረት ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። አሮጌ ብረት እየዞረ የሚገዛውን ቁራሌውንም ለፈተናው ማግሥት ጠዋት ጋሪውን ይዞ እንዲመጣ ያነጋገርኩት እኔው ነኝ።

የፈተናው ቀን ሊቀ ሞተር ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሞተሯን አጥበው ወጡ። ሴትዮዋ ሻንጣውን ታቅፈው ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ቀድሜ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ፤ ፍርዱ የት እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቀዋል። ሾፌሩም መጥቷል፤ ዳቦ ሻጯም ከመስኮቷ አንገቷን አውጥታለች።

ፋርማሲውን አለፉ። ጫማ ሰፊውን አለፉ። ፊታችን ሲደርሱ ክር ክር አለችና ሞተች።

ሊቀ ሞተር ወርደው ለሚስታቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ሻንጣውን አምጪ፣ ይከብድሻል።»

«በቃ?»

«በቃ። ቃል ቃል ነው። ዛሬውኑ በረንዳውን አጥብልሻለሁ፤ የዘይቱ ነጠብጣብ በሳሙና ይለቅ እንደሆነ እንጃ።»

ያን የተለመደውን አባባላቸውን እየጠበቅኩ ነበር። አላሉትም። የማሸንፍ መስሎኝ የመጣሁት ሰውዬ፣ ለቁራሌው የሰጠሁት ቀጠሮ ቆጨኝ።

ከዚያ፣ እጃቸው ለምዶባቸው፣ የታንከሯን ክዳን ፈቱ። ፍስስ አለ።

«ምንድነው የተነፈሰው?» አሉ ሴትዮዋ።

«እሷ ነች። ስከፍታት ሁሌም እንዲህ ትላለች። አመሏ ነው።»

ሴትዮዋ ክዳኑን አዩ። ባላቸውን አዩ፤ ሻንጣውን ተሸክመው፣ ጫማቸውን እያዩ ቆመዋል። ቀጥሎ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ተመለከቱ፤ ከቆምንበት በረንዳው አይታይም፣ እሳቸው ግን ያዩት ይመስለኛል። ፊታቸው ሲለዋወጥ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ምን እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር።

«እስቲ ክዳኑን አምጣው» አሉ።

ከልብሳቸው ኮሌታ ላይ እስፒል ነቅለው የክዳኑን መካከል ወጋ ወጋ አደረጉት። ቢጫ ፍርፋሪ መሬት ላይ ጠብ አለ።

«ምንድነው እሱ?» አሉ ሊቀ ሞተር።

«ሰም ነው። ክር የማሽበት ሰም። ያቺ ሴት ቀሚሷን አሽትታ ያዋረደችኝ ቀን፣ ሽታው በዚች ቀዳዳ የሚወጣ መስሎኝ ደፈንኳት።»

ሊቀ ሞተር ሻንጣውን አስቀመጡ። «ይቺ እኮ መተንፈሻዋ ነች።»

«እኔ በምን ልወቅ? ሊቁ አንተ ነህ።»

የዘይት ጣሳ በአንድ በኩል ብቻ የበሳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በሌላ በኩል አየር ካልገባ ዘይቱ አይወርድም። ሞተሯም እንዲሁ ነች። ታፍና እስከምትችለው ትሄዳለች፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ትንፋሿ ያልቃል፤ ባለቤቷ ክዳኗን ሲከፍቱ አየር ስባ እንደገና ትነሣለች። ሊቀ ሞተር ያልፈቱት ቡሎን የለም። ያችን የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ግን ማን ያያታል?

«እኔ አየር ነው ብዬ ነበር» አለ ሾፌሩ። ዳገት ነው ያለው እሱ ነው።

ሊቀ ሞተር ሚስታቸውን በመገረም አዩአቸው። «ዝም ብትይ እኮ በረንዳው ያንቺ ነበር።»

«በረንዳውማ አሁንም የእኔ ነው» አሉ ሴትዮዋ እስፒላቸውን ኮሌታቸው ላይ እየሰኩ። «ቆማለች አልቆመችም? ጋሼ፣ ይፍረዱ።»

«ቆማለች» አልኩ።

«ሰማህ። በረንዳውን እወስዳለሁ። ቁራሌውን ግን ተወው፤ አፍኜ ገደልኳት ተብዬ አልኖርም። ሌላ ማደሪያ ፈልግላት። አሁን አስነሣትና ገበያ አድርሰኝ፣ ጨርቄን ዝናብ ሳይመታው።»

አስነሧት። ዳቦ ቤቱን አለፈች። ሁላችንም እዚያው ቆመን በጆሯችን ሸኘናት፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ እንጂ አልተቋረጠም። ሾፌሩ ባርኔጣውን አወለቀና፣ ለምን እንዳወለቀው ግራ ገብቶት መልሶ አደረገ። ሲመለሱ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ሴትዮዋ ሻንጣውን በባላቸው ካፖርት ጠቅልለው፣ ሊቀ ሞተር በሸሚዝ ብቻ ውሃ ሆነው፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቁ።

በማግሥቱ ጠዋት ቁራሌው በቀጠሮው መጣ። ሰውን በከንቱ አስለፍቶ ባዶ ጋሪ ማስመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ኮሪደሬ ውስጥ ተጣጥፎ ቦታ የያዘውን የብረት አልጋዬን ሰጠሁት። ለእንግዳ የሚሆን አልጋ ነበር፤ ነገር ግን ቦታው ተፈልጓል።

አሁን ኮሪደሬ ውስጥ ሞተር አለች። ወደ ቤቴ የሚገባ ሰው በጎኑ ይገባል፤ ወፈር ያለ ሰው ደግሞ ከበር ላይ ሰላምታ ሰጥቶኝ ይመለሳል። ሊቀ ሞተር ጠዋት ጠዋት ሊወስዷት ሲመጡ በር የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ማርሽዋን፣ ጎማዋን፣ አዳሯን እየነገሩኝ ሻዬን ይጠጡብኛል። ይህን ሁሉ ምሬት ለማንም አልመኝም።

ባለፈው ሰሞን እኅቴ ልትጠይቀኝ መጣች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ በጎኗ ገብታ፣ ሞተሯን ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«ወንድምዬ፣ ሽታው አይገድልህም? በዚች ቀዳዳ ነው የሚወጣው። ትንሽ ጨርቅ ብንወትፍባት ምናለ?» አለችና እጇን ዘረጋች።

ጉልበቴ ታሞ ከወንበር ለመነሣት ሰው የሚደግፈኝ ሽማግሌ ነኝ። እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም፤ እጇን ሳትነካት ያዝኩት።

«ተያት» አልኳት። «መስኮቱን እከፍትልሻለሁ።»