ለወንድማቸው መኪና የሚፈልጉት አቶ ኒቆዲሞስ

መኪና ሊገዛ ነው የሚባል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ልብ በሉ፣ ገዛ አልተባለም፤ ሊገዛ ነው። ልጆቹ ተወልደው፣ አድገው ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ እሱ ግን አሁንም ሊገዛ ነው። ስለ መኪና የማያውቀው ነገር ቢኖር ባለቤትነትን ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ኒቆዲሞስ ናቸው። ክቡር የሚላቸው ይህ ጽሑፍ ነው እንጂ ድሬ ላይ አንቱ እንኳን ያላቸው ሰው የለም። የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ከምሳ በኋላ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ በሩን ሲዘጋ፣ እሳቸው በሽርጥ ሆነው ቬንትሌተሩ ሥር ይጋደሙና ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ያቆማሉ። የሚያዩት አሮጌ ላንድሮቨር ነው። አዲስ መኪና አያዩም፤ አዲስ መኪና ማንም ያያል። በቴሌግራም ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል የማያውቋት የለችም። ሻጩ ታርጋዋን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ፎቶ ቢያነሳትም በበሯ ጭረት ይለዩዋታል። "ይቺ አምና ጅግጅጋ ነበረች። ያኔ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ አልነበራትም።"

አይተው ብቻ አያልፉም፤ ይደውላሉ። "ሃሎ፣ ስለ ላንድሮቨሯ ነበር። ለእኔ አይደለም፣ ለወንድሜ ነው።" አቶ ኒቆዲሞስ ወንድም የላቸውም፤ እናታቸው የወለዱት እሳቸውንና አራት እህቶቻቸውን ነው። ይህ የሌለ ወንድም ግን ጥያቄ ይበዛበታል። የሥር ብረቷ፣ ሻንሲዋ ተበይዷል ወይ? ጠዋት ስትነሳ የምታወጣው ጢስ ነጭ ነው ሰማያዊ? አንድ የሐረማያ ሻጭ ጥያቄው ሲሰለቸው "በቃ ራስህ ስማት!" ብሎ ሞተሩን አስነሳና ስልኩን ኮፈኑ ሥር ደቀነላቸው። አቶ ኒቆዲሞስ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። መኪናዋ ፈዛዛ አረንጓዴ ናት፤ ከእሳቸው በሁለት ዓመት ታንሳለች። "ሦስተኛው ሲሊንደር ትንሽ ያኮርፋል" አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ተከታተሏት።

ጠላታቸው አንዲት ቃል ናት፦ "ተሽጧል"። ይህችን ቃል ያዩ ቀን እራት አይወርድላቸውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔነሽ ሰሃኑን አይተው ያውቃሉ።

"ዛሬ ደግሞ የትኛዋ ተዳረች?"

"የአዋሿ። ነጯ።"

"ማን ወሰዳት?"

አቶ ኒቆዲሞስ የገዢውን ፎቶ ፈልገው አግኝተውታል። "ጥቁር መነጽር ያደረገ አንድ ጎረምሳ። አሁን ይሄ ማርሽ መቀየር ያውቃል?"

ወይዘሮ የኔነሽ ለዚህ የሚመልሱት ነበራቸው። ግን ሰው በሐዘኑ ቀን አይነካም ብለው ሰሃኑን አነሱ።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ አቶ ኒቆዲሞስ እንደተጋደሙ ከውጭ የሞተር ድምፅ ሰሙ። ሦስተኛው ሲሊንደር ያኮርፋል። ስልኩ ከደረታቸው ላይ ወደቀ። መኪናዋ የእሳቸውን በር አልፋ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ግድግዳ የተጋራቸው አብዱላሂ ደጃፍ ቆመች።

"አቦ ኒቆ! ውጣማ!" አብዱላሂ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚነግድ ሰው ነው። "ሽንኩርት ልጭን ሐረማያ ወጥቼ ይቺን ይዤ መጣሁ!"

አረንጓዴዋ ላንድሮቨር ፖርቶመጋላዋ ላይ ስምንት ጆንያ ሽንኩርት ተሸክማለች።

"መቼ አየሃት?" አሉ አቶ ኒቆዲሞስ።

"ዛሬ ጠዋት።"

"መቼ ገዛሃት?"

"ነገርኩህ እኮ፣ ዛሬ ጠዋት።"

"ሻንሲዋን አይተሃል?"

"ሻንሲ ደግሞ ምንድን ነው? ወላሂ ኒቆ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳች። ሌላ ምን ትሁን?"

አቶ ኒቆዲሞስ እንደ ባለመነጽሩ ባሉ ገዢዎች ላይ የቀኑት ቅናት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። እነዚያ ሩቅ ናቸው። ይቺ ግን በየማለዳው ከግድግዳው ማዶ እያኮረፈች ትነሳለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በበራቸው ስንጥቅ ሲያዩዋት ሰነበቱ። አንድ ቀን የሰፈሩ ፍየል ኮፈኗ ላይ ወጥታ ስታመሰኳ አዩና በፍየሏም ቀኑ።

ከሁሉ የከፋው የአብዱላሂ ደግነት ነበር። ቁልፉን በግድግዳው ላይ ይወረውርላቸዋል። "ያዝ! ዓይንህ ከሚወጣ ሳቢያን ሰፈር ደርሰህ ና!" እሳቸው ቁልፉን መልሰው "ጉልበቴን አሞኛል" ይላሉ። እሳቸው እንደሚያስቡት እውነቱን የሚያውቁት ወይዘሮ የኔነሽ ብቻ ናቸው፦ አቶ ኒቆዲሞስ መኪና መንዳት አይችሉም። በሃምሳ አራት ዓመታቸው አንድም ቀን መሪ ጨብጠው አያውቁም። ይህን ሁሉ አውቀው ሲያበቁ፣ መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ከጎረምሶች ጋር ተቀምጠው "ፍሬኑ የቱ ነው?" ብለው መጠየቅን ፈሩ። ፍርሃቱ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት አብዱላሂ ከደንገጎ ዳገት ደወለ።

"ኒቆ! ጢስ!"

"ነጭ ነው ሰማያዊ?"

"ነጭ! ልትቃጠል ነው!"

"ነጭ ከሆነ እንፋሎት ነው፤ አጥፋት። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ፣ ፊትህን ይልጥሃል። ስትበርድ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ቱቦ እየው። ማሰሪያው ላልቷል።"

"አንተ ከከዚራ ሆነህ እንዴት አየኸው?"

"ፎቶው ላይ ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ።"

"እና ለምን አልነገርከኝም?"

አቶ ኒቆዲሞስ "ክዳኑን እንዳትነካ!" ብለው ስልኩን ዘጉ።

አብዱላሂ ሲመለስ ቆርጦ ነበር። "የዛሬ ገበያዬን በላችብኝ። እሸጣታለሁ። ማስታወቂያውን አንተ ጻፍልኝ፤ አጻጻፋቸውን ታውቅበታለህ።"

አቶ ኒቆዲሞስ መኪናዋ ዳግም ስታመልጣቸው ታያቸው፤ ባለመነጽሩ መጥቶ ሲወስዳት። አንድ ሙሉ ከሰዓት ተቀምጠው ጻፉ። አንድም ውሸት አልጻፉም። "ሻንሲዋ ሁለት ቦታ ተበይዷል። ዳገት ላይ ትፈላለች። ሦስተኛው ሲሊንደር ያኮርፋል፤ በማባበል እንጂ በገንዘብ አይድንም። ዝናብ በግራ በሯ ይገባል። መቀመጫዋ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ለችኩል ሰው አትሆንም። ጥቁር መነጽር ለሚያደርግም አትሆንም።"

አብዱላሂ አንብቦ ሲጨርስ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። "ወሪያ! ይህን ያነበበ ሰው እንኳን ሊገዛት፣ በዚህ ሰፈርም አያልፍ!" ቢሆንም አንዲት ፊደል ሳይነካ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው።

አራት ቀን ማንም አልደወለም። በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የአብዱላሂ ስልክ ጮኸ።

"ሃሎ፣ ስለ ላንድሮቨሯ ነበር። ለእኔ አይደለም፣ ለወንድሜ ነው።"

ድምፁ በስልኩም በግድግዳውም በኩል እኩል መጣ። አብዱላሂ አልሳቀም።

"ወንድምህ መንዳት ይችላል?"

ከግድግዳው ማዶ ቬንትሌተሩ ጠፋ።

"አይችልም" አሉ አቶ ኒቆዲሞስ። "ለማንም ግን አልተናገረም።"

"አውቃለሁ። ጉልበቱንም ያመዋል። አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ና በለው። ሽንኩርቱን አራግፌያለሁ።"

አሥር ሰዓት ላይ አረንጓዴዋ ላንድሮቨር በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ስትንፏቀቅ ታየች። ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ያልፏታል።

"ፍሬኑ የቱ ነው?" አሉ አቶ ኒቆዲሞስ።

"መካከለኛው" አለ አጠገባቸው የተቀመጠው አብዱላሂ። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ከማስታወቂያው ሥር "ተሽጧል" ብሎ ጻፈ።

ያቺን ቃል ሁልጊዜ ከሰው ቀድመው የሚያዩት አቶ ኒቆዲሞስ አላዩዋትም። ሁለቱም እጆቻቸው መሪው ላይ ነበሩ።