ቤንዚን የማትጠጣዋ መኪና

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከዕቃው ጋር አንድ ምስጢር አብሮ ይገዛል፤ የፊተኛው ባለቤት ለምን እንደተገላገለው። ጫማ ከሆነ ምስጢሩን በሁለት ቀን ውስጥ ተረከዝህ ያወጣዋል። በቅሎ ከሆነች የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ትናገራለች። መኪና ግን ምስጢር ጠባቂ ናት። የት ቦታ፣ በማን ፊት እንደምታዋርድህ አስባ፣ ቀን መርጣ ነው የምታወጣው። የኔዋ የመረጠችው ጥር ሃያ አንድን፣ የማርያምን በዓል ነበር።

ስለዚህ ነገር ማውራት አልወድም። ልጆቼ እንኳ የሰሙት ከሌላ ሰው ነው። ሰው ሲያወራው ግን እየሳቀ ነው፤ ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነው። ሞጣ አጠገብ መንገድ የሚቀይሱ ፈረንጆች ሰፍረው ነበር፤ እኔ ችካል እሸከምላቸዋለሁ። አለቃቸው እግሩን የሚያመው ሽማግሌ ስለነበር ከድንኳኑ እስከ ምግብ ቤቱ የሚሄደው በር በሌላት አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ነው። ጎልፍ ለሚባል ጨዋታ የተሠራች ናት አሉን። ሰውየው ኳስ በዱላ ይመታል፤ ከዚያ ኳሱ የወደቀበትን ፍለጋ በመኪና ይሄዳል። እኛም ለገና ጥንግ በዱላ እንመታለን፤ ጥንግ ፍለጋ መኪና ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው ግን ቢቸና ውስጥም ሞጣ ውስጥም አልተወለደም።

ሥራው አለቀና ፈረንጆቹ ዕቃቸውን ይሸጡ ጀመር። ሌላው ሰው በርሜልና ቆርቆሮ ላይ ተሻማ። እኔ መኪናዋ አጠገብ ቆምኩ።

ለምን ቆምኩ? በአባቴ ምክንያት። አባቴ ቢቸና አጠገብ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሀገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ወገባቸው ተያዘና ከመደብ መነሳት አቃታቸው። በቅሎ ላይ መቀመጥም አልቻሉም። በበዓል ቀን ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ያደርሷቸዋል፤ ከቤታችን እስከ ደብሩ ዳገት ነው። እዚያ አገር ሰው ተሸክሞ ምስጋና የሚጠብቅ የለም። እንዲያውም ብታመሰግን ይቀየሙሃል። ግን አንድ ጊዜ ቤት ሄጄ፣ ጎረቤታችን አያ ካሴ ከዳገቱ ሲመለሱ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ትከሻቸውን ሲያሹ አየሁ። ሲያዩኝ መልሰው ሸፈኑት። ያ ትከሻ ሞጣ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጋሽ ተሰማ የሚባል ሰው ነበር። ስለ መኪናዋ ጠየቅኩት። «ቤንዚን የሚባል ነገር አትጠጣም» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ጿሚ መኪና አገኘሁ ብዬ። የማትጠጣ ከሆነ ታዲያ ምን ትበላለች ብሎ መጠየቅ አይገባም ነበር? አልጠየቅኩም። «ሞልቼልሃለሁ» አለኝ፤ «ግጥም አድርጌ» ሲልም ጨመረ። በምን እንደሞላት ቢጠየቅ ይናገር እንደነበር አልጠራጠርም። ሰውየው ውሸታም አልነበረም፤ እኔ ነኝ ጠያቂ ያልነበርኩት።

አባቴ መሄድ ሲያቅታቸው በቅሏቸውን ለኔ ሰጥተውኝ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አዋጥተው የገዙላቸው በቅሎ ናት። ሞጣ ገበያ አውጥቼ ሸጥኳት። ሳላማክራቸው። ከዚያ መኪናዬን በጭነት መኪና አስጭኜ፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ ቢቸና ገባሁ። ንጉሥ እንኳ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ጣሪያዋ ሸራው ተገፎ ብረቱ ብቻ ነበር የቀረው። አባቴን ፀሐይ እንዳይመታቸው የቃሬዛውን ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ፈትቼ ብረቱ ላይ አጋደምኩ፤ በመጫኛ ጠፍሬ ሸማ አለበስኩት። አያ ካሴ ሲያዩ፣ «ቃሬዛውን አፈረስከው?» አሉኝ። «ከእንግዲህ አያስፈልግም፣ አያ ካሴ። እናንተም ዕረፉ» አልኩ። ይህን ቃል ስናገር ድምፄ እንዴት እንደነበር ዛሬም ይሰማኛል።

ለበዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር። በሦስቱ ቀን ምን አደረግኩ? አባቴን የተሸከመውን ሰው ሁሉ በተራ አስቀምጬ በሜዳው ላይ አንሸራሸርኩ። ምስጋና አይቀበሉም ብያችኋለሁ፤ መኪና ግን ተቀበሉ። አንዱ «ይህቺ ነገር እንዲህ ድምጿን አጥፍታ የምትሄደው ሰው ልትሰርቅ ነው?» እያለ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አባቴ ደጅ ተደግፈው ያያሉ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልጉት፤ በዓሉ ላይ የመጨረሻ ተማሪያቸው ከቅዳሴ በኋላ ቅኔ ሊያቀርብ ነው፤ እሱን መስማት። የሚቀጥለውን ጥር እንደማያዩት ያውቁ ነበር። እኛም እናውቅ ነበር።

በበዓሉ ጠዋት አባቴን አስቀምጬ ተነሳን። አያ ካሴና ሦስት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ በእግራቸው ያጅቡናል። ሌላው ሰው በእግርም በበቅሎም ቀድሞ ወጥቷል። የዳገቱ እኩሌታ ላይ መኪናዋ እንደደከመች አሮጊት ቀስ አለች፣ ከዚያ ቆመች። ረገጥኳት። ደግሜ ረገጥኳት። ሰው አጥፍቶ እንኳ እንደዚያ አይረገጥም።

ገፋናት። ትንሽ ሄደችና ተመልሳ መጣችብን። አባቴን አውርደን ድንጋይ ላይ አስቀመጥንና ሞተሩ የት እንደሆነ ፍለጋ መቀመጫውን ነቀልን። ከሥሩ ስድስት ትልልቅ ባትሪ ተደርድሯል። ጋሽ ተሰማ የሞላው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ የካምፑን ኤሌክትሪክ። ቢቸና አካባቢ ያን ጊዜ የነበረው ብርሃን ኩራዝ ነው።

ከጎረቤቶቹ አንዱ ከመንገዱ በታች የሚግጡትን የአያ ካሴን በሬዎች አየና፣ «ጠምደን እናስጎትታት» አለ። አያ ካሴ ፈሩ፤ በማርያም ቀን በሬ አይጠመድም። ሰውየው «እርሻ አይደል፣ ጉተታ ነው» አለና ወደ አባቴ ዞረ፤ «የኔታ፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ እርስዎ ከፈቀዱ ማን ይናገረናል?»

አባቴ ወደ ዳገቱ ጫፍ ቀና አሉ። ከደብሩ የከበሮ ድምፅ ይሰማል። አዎ ቢሉ ይደርሳሉ። «በሬ በዓል መሆኑን በምን ያውቃል?» አሉ። «ቀንበር ሳይጫንበት ሲቀር ነው። ተዉት፣ ይክበር እሱም።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩና በዚያው ድምፅ፣ «በቅሎ ግን በበዓልም ትሄዳለች፤ እሷ መጎተት አያቅታትም። በቅሎዋ የታለች፣ ይሁኔ?» አሉኝ።

አራቱም ሰዎች መንገዱን እንጂ እኔን አላዩም። ያ ነው የባሰኝ።

ቀድመው የተንቀሳቀሱት አያ ካሴ ናቸው። የነቀልነውን መቀመጫ ተመለከቱ፤ ጣሪያው ላይ የታሰሩትን የቃሬዛ እንጨቶች ተመለከቱ። መጫኛውን ፈቱ። መቀመጫውን በሁለቱ እንጨቶች መሐል ጠፈርነው፣ አባቴን አስቀመጥንበትና ተሸከምን። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ።

ስንደርስ ሕዝቡ እየተበተነ ነበር። ተማሪያቸው ግን ከሩቅ አየን፤ ሮጦ መጣና ተንበርክኮ ቅኔውን በጆሯቸው ደገመላቸው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንድ ቃል አረሙለት።

ሑዳዴ ሳይጋመስ አረፉ። በነዚያው ሁለት እንጨቶች ላይ ወጡ፤ ያን ጊዜ ያለ መቀመጫ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቀረች፤ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችባት፣ ክረምት ሣር አበቀለባት።

ከዓመታት በኋላ ቢቸና ገበያ አያ ካሴን አገኘኋቸው። ሳላስበው አፌ ተከፈተና፣ «አያ ካሴ፣ እኔ እኮ ትከሻችሁን ላሳርፍ ብዬ ነበር» አልኳቸው።

«አሳርፈኸን ነበር፤ ሦስት ቀን» አሉኝ። ትከሻቸውን በጋቢያቸው ላይ አሹ። «የኔታ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንደ ላባ ቀላል ሰው ነበሩ። ያን ቀን የገደለን ያንተ መቀመጫ ነው።»