ማን ከለከላቸው?

ማንንም የማይከለክል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ከሚሴ አንድ አለን፤ ጎረቤቴ ሰይድ ይባላል። የሰፈራችን ኳስ ሜዳ ባለአደራ ነው። አደራውን ማን እንደሰጠው ግን እኔን አትጠይቁኝ። ሴቶቹ ልጆች ለምን እንደማይጫወቱ ስትጠይቁት ቅር ይለውና፣ «ማን ከለከላቸው?» ይላል። እውነቱን ነው። ከአሱር ሰላት እስከ መግሪብ ሜዳው የወንዶች ነው፤ ከዚያ በኋላ በጨለማ መጫወት ለሴቶቹ ሙሉ መብታቸው ነው።

አንድ ጁምአ ታዲያ ሴቶቹ ልጆች ዘዴ ዘየዱ። ያለ ዱአ ምንም በማይጀመርበት አገር የእነሱ ኳስ ለምን ሳይመረቅ ይቀራል? የሰፈሩን ዱበርቲዎች፣ እነዚያን ተሰብስበው የሚመርቁ እናቶች፣ ሄደው ለመኑ። እናቶቹም ምንጣፋቸውን ይዘው መጡና ሜዳው መሃል ቁጭ አሉ። ዱአውን የሚመሩት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የሰይድ እናት፣ እማማ ዘሀራ።

ሰይድ ቡድኑን አስከትሎ ሲመጣ ዱአ ላይ ደረሰ። ዱአ ደግሞ ረግጠው የሚያልፉት ነገር አይደለም። እናቱ «ጉልበታችሁን አላህ ያጽናው፣ ጎላችሁን ያብዛው» ሲሉ እሱም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ሲያበቃ ጠጋ ብሎ፣ «እማ፣ እኛስ?» አላቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ማን ከለከላችሁ? እነሱ ሲጨርሱ ትጫወታላችሁ።»

ሴቶቹ እስከ መግሪብ ተጫወቱ።

ሰይድ ዛሬም ባለአደራ ነው። ጁምአ በመጣ ቁጥር ወንዶቹን ከሜዳ የሚያስወጣቸው እሱ ነው። ምነው ሲሉት፣ «አሚን ያልኩበት ነው» ይላል፣ ቅር ብሎት።