አባይ ጠላ

በየከተማው አንድ አሻሻይ አለ። የሌለበት ከተማ ካለ፣ ወይ ገና አልተቆረቆረም፣ ወይ አሻሻዩ ለጊዜው ለቅሶ ሄዶ ነው። አሻሻይ ማለት የተሠራን ነገር እንደተሠራ ትቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነው። በር ሲያይ ያመዋል። አጥር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሰው ሠርቶ ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ፣ እሱ ከኋላ ይቆምና አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ "መልካም ነው፤ ግን ትንሽ ቢሻሻል!" ይላል።

የቢቸናው አሻሻይ አቶ የኔሰው ይባላል። ወረዳ ጽሕፈት ቤት መሬት ቀያሽ ነው። ቤተ ክህነት ባይሾመውም የሠፈሩ ሰው "ሊቀ አሻሻያን" የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ሰው የሚያሾፍ ይመስላል፤ ደግሞም ያሾፋል። እሱ ግን "ሊቀ አሻሻያን፣ እንደምን አደሩ?" ሲሉት ጋቢውን አስተካክሎ በክብር ይመልሳል።

ከሊቀ አሻሻያን ጋር መኖር ምን ማለት እንደሆነ የሚስቱን የይርጋነሽን ያህል የሚያውቅ የለም። የግቢያቸው በር ድሮ እንደ ማንኛውም በር ተገፍቶ ይከፈት፣ ተስቦ ይዘጋ ነበር። የኔሰው በገመድና በድንጋይ አሻሻለውና በራሱ እንዲዘጋ አደረገው። በሩ መዝጋቱን ተማረ፤ ማን ላይ እንደሚዘጋ ግን አልተማረም። የንስሐ አባታቸው ጠበል ረጭተው ሲወጡ ጋቢያቸውን ነክሶ አስቀረባቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የሚባርኩት ከውጭ ቆመው ነው።

ለዶሮዎቹም ፎቅ ሠራላቸው። ዶሮዎቹ ፎቁን አዩና ምድር ቤት አደሩ። ፎቁ ላይ ድመቷ ገባች፤ እስከ ዛሬም ከዚያ ላይ ተኝታ የምትበላውን ትመርጣለች።

ጎረቤት ሞቶ የእድሩ ድንኳን ሲተከል ደግሞ፣ "መልካም ነው፤ ግን ገመዱ በዚህ በኩል ትንሽ ቢሻሻል!" አለና አሻሻለው። ነፋስ መጣ። ድንኳኑ ለቀስተኛው ላይ ተኛ። የሟች ሚስት ከሸራው ሥር እየዳኸች ስትወጣ፣ ሐዘን ከተቀመጠች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ታየች። የኔሰው ይህንን ከሥራው ፍሬ ቆጠረው።

አንድ ጊዜ ሮብ ገበያ ለሥራ ሄዶ፣ ማሰሮ የምትሸጥ ሴትዮ ፊት ቁጢጥ አለ።

"እናቴ፣ ማሰሮሽ መልካም ነው። ግን አራት ማዕዘን ቢሆን ተደራርቦ ይጫን ነበር" አላት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። "የኔ ጌታ፣ የእርስዎም ራስ አራት ማዕዘን ቢሆን ለትራስ ይመች ነበር።"

ቤቱ ገብቶ ይህንኑ ለይርጋነሽ ነገራት። የተቆጣ መስሏት ልታጽናናው ስትል፣ "ሴትዮዋ እኮ ሐሳቡ ገብቷታል!" አላት።

ይርጋነሽ ይህን ሁሉ ችላለች። አልችል ያለችው የጠላዋን ነገር ነው። አምና የሚካኤል ጽዋ ተራ ደርሷቸው ጥሩ ጠላ ጠምቃ ነበር። እሷ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሊቀ አሻሻያን ጋኑን ከፍቶ ዝንጅብልና ሎሚ ጨመረበት። ማኅበርተኛው አንዳንድ ጉንጭ ቀመሰና ጣሳውን ከፊቱ ገፋ አደረገ። የማኅበሩ አባት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ማርያም ናቸው። ተነሥተው መረቁና፣ "ውሃችሁ ግን መልካም ነው" ብለው ወጡ። ይርጋነሽ ማጀት ገብታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

"ከእንግዲህ ከጋኔ አጠገብ ድርሽ እንዳትል!" አለችው።

"ድርሽ አልልም" አላት። "የራሴን ነው የምጠምቀው።"

የራሱ ነገር የተጀመረው ሞጣ ነው። ለሥልጠና ሄዶ፣ ኃይለ ሚካኤል ከሚባል፣ ከሌላ አገር ተመድቦ እዚያ ከሚሠራ የጤና ባለሙያ ጋር ተወዳጀ። ኃይለ ሚካኤል ዘመዱ ከቤልጂየም ያመጣችለት አንድ ጠርሙስ ቢራ ነበረው። ጠርሙሱ ላይ መነኩሴ ተሥሏል። የቤልጂየም መነኮሳት በገዳማቸው የሚጠምቁት፣ ጠቆር ያለ ብርቱ ቢራ ነው፤ "አቤይ" ይሉታል። ሁለቱ ተካፍለው ጠጡት። የኔሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻሻል ነገር አላገኘም። ኃይለ ሚካኤልም ከታች የቀረው አተላ በሕይወት ያለ እርሾ መሆኑን፣ በእሱም ሌላ መጥመቅ እንደሚቻል ነገረው።

ያቺን አተላ ከሞጣ እስከ ቢቸና እንደ አራስ ልጅ አንገቷን ደግፎ፣ ሚኒባስ ላይ አቅፎ አመጣት። መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር "ኧረ ቀስ በል ወንድሜ!" እያለ ሾፌሩን አማረረው። ቤት ከገባም በኋላ ስለ አተላዋ ለይርጋነሽ ብዙ ነገራት። ይርጋነሽ ግን የማሻሻያ ወሬ ሲሆን ጆሮዋ የቆርቆሮ ዝናብ እንደሚሰማ ነው የሚሰማው። ይዘንባል፣ ያባራል።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የኔሰው መሪጌታን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኛቸው። ማኅበርተኛውም ከበብ ብሎ ቆሟል።

"የኔታ፣ ዘንድሮ ጽዋው እኔ ቤት ሲገባ የገዳም ቢራ ነው የማጠጣችሁ።"

"የየትኛው ገዳም?"

"የቤልጂየም። መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው የሚጠምቁት።"

"መነኩሴ ጠላ ይጠምቃል?"

"ለገዳሙ መተዳደሪያ ነው የኔታ።"

"ጸሎቱንስ ማን ያደርሳል?"

"እስኪፈላ እየጠበቁ ያደርሳሉ።"

ጎረቤታቸው ውበቴ ጣልቃ ገባ። ውበቴ ቀልድ ከሚያልፈው ምሳ ቢያልፈው የሚመርጥ ሰው ነው። "ሊቀ አሻሻያን፣ እንደ አምናው ከሆነ ከየቤታችን ጠጥተን እንምጣ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የኔሰው አብሮ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ፊቱ ቀላ።

"ይኼ ከከሸፈ፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ከእንግዲህ አንድም ነገር አላሻሽልም። የጎበጠ ምስማር እንኳ አላቃናም!"

ሳቁ ቆመ። የኔሰው ብዙ ነገር ቢያበላሽም በሚካኤል ስም የተናገረውን አጥፎ አያውቅም። ይርጋነሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና ሰማችው። በልቧ፣ "እሰይ! እንግዲህ በሩ በር፣ ዶሮውም ዶሮ ሊሆን ነው" አለች።

የመጥመቂያው ቀን ደረሰ። የኔሰው ግቢው ውስጥ እሳት አንድዶ፣ የገብስ ብቅሉን በትልቅ ድስት አማሰለ። ስኳር እስኪጠቁር አቃጥሎ ጨመረ፤ ድንብላል ወቅጦ ጨመረ። በመነኮሳቱ አገር በጌሾ ፈንታ ሆፕ የሚባል አለ። ቢቸና ስለማይገኝ በጌሾ ተካውና፣ "አሻሻልኩት" አለ። ይርጋነሽ ማጀት ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። መደርደሪያው ላይ አንዲት ጠርሙስ አየች፤ ታቿ ላይ የደፈረሰ ነገር አለ። ደህና ባልትና ያላት ሴት አተላ ስታይ ምን ታደርጋለች? ደፋችው። ጠርሙሷን በግራዋ ቅጠል አሸቻት፤ ባለ መነኩሴዋን ጠርሙስ ፏ አድርጋ አጥባ ደፍታ አስቀመጠቻት። ሥራዋንም ወደደችው።

"ይርጋነሽ!" አለ የኔሰው ከውጭ። "በርዷል! ያቺን ጠርሙስ አምጪልኝ እስቲ!"

"የቷን?"

"አተላ ያለባትን ነዋ! ሁሉ ነገር ያለው እኮ አተላዋ ላይ ነው!"

ይርጋነሽ ጠርሙሷን እያየች ቆመች። ያ ሁሉ የዘነበው ዝናብ አሁን ትዝ አላት። እርሾ፣ ሕይወት፣ ሞጣ፣ መነኩሴ።

ወጥታ "ደፋሁት" ብትለው በቃ። ድስቱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ጽዋው ይመጣል፣ ውበቴ ይስቃል፣ የኔሰው ቃሉን ይጠብቃል። ለጽዋው የሚሆን ጠላ እሷ ራሷ ትጠምቃለች፤ ማንም አይጠማም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም ነው። የኔሰው ከሥራ ሲመጣ በሩን ገፍቶ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ዝም ይላል። አንገቱን ዘንበል አያደርግም።

ይህንን በዓይነ ልቦናዋ አየችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። እዚያ የተቀመጠው ዝምተኛ ሰውዬ ማን እንደሆነ አላወቀችውም።

"ይርጋነሽ! ምነው?"

"መጣሁ እኮ! ሰው አይተነፍስም?"

ጥግ ላይ በወይራ ጭስ አጥና ለበዓል ጠላ የጠመቀችበት ጋን አለ፤ ከሥሩ ቀርቷል። በጭልፋ ጠለቅ አድርጋ አተላውን ቀዳች፣ በጠርሙሷ አንገት አንቆረቆረችው፣ ውጭውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና አቀበለችው።

የኔሰው ጠርሙሷን ወደ ፀሐይ አነሣና አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ አያት።

"አየሽ?" አላት። "የፈረንጅ ነገር አተላው እንኳ ጥራት አለው። የኛም እንደዚህ ቢሆን ምን ነበረበት!"

"ምን ይደረግ" አለች ይርጋነሽ።

አተላዋ የተጨመረበት የብቅል ውሃ ፈላ። ሲረጋጋ በሃይላንድ ጠርሙሶች እየቀዳ አሸገው። ጠዋት ጠዋት ሃይላንዶቹን እንደ ሕፃን ሆድ እየነካካ፣ "ጠንክሯል፤ ሕይወት አለው" ይላል። ይርጋነሽ ከእሱ በኋላ ተደብቃ ገብታ ትነካካለች። መቼም የጋኗ አተላ አሳፍሯት አያውቅም። ነገር ግን መነኩሴ ሆኖ አያውቅም።

የጽዋው ዕለት ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። የኔሰው በሻይ ብርጭቆ ግማሽ ግማሽ እየቀዳ አደለ። ውበቴ ብርጭቆውን አነሣና ከሥሩ አየው።

"ሊቀ አሻሻያን፣ ይኼ ጠላ ነው ክትባት?"

"ብርቱ ነው ወንድሜ። አቤይ እኮ ነው።"

"አባይ?"

"አቤይ! በእነሱ ገዳም ማለት ነው።"

"እኔ ደግሞ ከዓባይ ድልድይ ሥር ቀድተህ ያመጣኸው መስሎኝ! ለማንኛውም አባይ በብርጭቆ አይለካም። ጣሳ አምጡ!"

የኔሰው ቢለምንም የሚሰማው አጣ። ጣሳው መጣ፤ በጣሳ ተቀዳ። መሪጌታ ገና አልቀመሱም፤ ሁሉም እሳቸውን ይጠብቃል። የኔሰው ጨዋታውን ትቶ እጁን አጣምሮ ቆመ። ይርጋነሽ ጆጓን ይዛ የማጀቱ በር ላይ ቆመች። እግዚአብሔር ይይላትና፣ ለጠላዋ የለመነችውን ያህል ለፈረንጅ ቢራ ለመነች።

መሪጌታ ቀመሱ። አጣጣሙ። ደገሙ።

"የኔሰው።"

"አቤት የኔታ።"

"ይኼን የጠመቅኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ የኔታ።"

"ግሩም ነው።"

ቤቱ ተነፈሰ። የኔሰው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጋቢውን አስተካከለ። ውበቴ ለመቀለድ አፉን ከፈተና ጣሳውን ከተተበት። መሪጌታ ግን አልጨረሱም።

"ብቻ" አሉ፣ "ጣዕሟን የማውቃት ይመስለኛል። የወይራ ጭስ አለባት። ቤልጂየም ወይራ አለ?"

"ይኖራል የኔታ" አለ የኔሰው። "ገዳም አይደል?"

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ ማጀቱ በር አዞሩ። ይርጋነሽ ጆጓ ተሰንጥቃ እንደሆነ ለማየት አጎነበሰች።

"እንግዲህ ስም እናውጣለት" አሉ መሪጌታ ቃሉን እንደ ቅኔ እየጎተቱ። "አባይ ጠላ ይባል።"

"አባይ ጠላ!" ብሎ ውበቴ አስተጋባ። እሱ የሰማው ወንዙን ነው። የኔሰውም የሰማው ወንዙን ነው፤ ቤልጂየምን ከዓባይ ጋር ማጋባታቸው አኮራው። ይርጋነሽ ግን የቅኔ አገር ልጅ ናት። አባይ ማለት ዋሾ ማለትም እንደሆነ ታውቃለች። ዋሾዋ ማን እንደሆነች ደግሞ ከእሷና ከመሪጌታ በቀር የሚያውቅ የለም። እስከ ጆሮዋ ጋለች።

ጆጓን ይዛ ቀረበች። "የኔታ፣ ልጨምርልዎ?"

"ጨምሪ ልጄ" አሉ ጣሳቸውን እየዘረጉ። ከዚያ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "እንዲህ ያለ አባይ ይብዛልን" አሏት።

በዚያ ቀን ከ"አሜን" በቀር ተናግሮ የማያውቅ ባዘዘው የሚባል ማኅበርተኛ በሦስተኛው ጣሳ ተነሥቶ ስለ በሬው ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሁለት ሰው አለቀሰ። ውበቴ ሲወጣ በሩ ኮቱን ነከሰው፤ በሩን ይቅርታ ጠየቀው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ የኔሰው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ይርጋነሽ ጣሳ እየሰበሰበች በጎን ታየዋለች። ዝም አለ። ዝምታው ረዘመባት። አምላኬ፣ በድሉ ጠግቦ ሊተወው ይሆን እንዴ? ብላ ፈራች።

የኔሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"መልካም ነበር" አለ። "ግን ትንሽ ቢሻሻል!"

"እፎይ!" አለች ይርጋነሽ።

"ምን አልሽ?"

"ወገቤን ነው።"

"የሚቀጥለውን ሞጣ ወስጄ ኃይለ ሚካኤልን አቀምሰዋለሁ። ጠርሙሷ ውስጥ ያስቀረኋትን አተላ አደራ! እንዳትደፊብኝ።"

"ወይ ጉድ! የፈረንጅ አተላ ማን ይደፋል!"

ማጀት ገብታ ባለ መነኩሴዋን ጠርሙስ አወረደች። ከጋኗ ሥር በጭልፋ ቀድታ ሞላቻት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቻት፣ አንዱን ዓይኗን ጨፍና አየቻት። ጥሩ ነበረች። ይርጋነሽ ግን አንገቷን ዘንበል አደረገችና ሌላ ግማሽ ጭልፋ ጨመረችባት።